የቆመ ሰርቪስ ካየህ፣ ያላየኸው ልጅ አለ

አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። እዚያ የተማሪ አውቶቡስ ቢጫ ነው። ቀለሙ እንዲያ እንዲሆን የተወሰነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ነው፤ ቢጫ ላይ የተጻፈ ጥቁር ጽሑፍ ገና ጎህ ሲቀድም ስለሚነበብ። አውቶቡሱ ቆሞ ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲልና ከጎኑ የ«ቁም» ምልክት ሲዘረጋ ከኋላው ያለውም፣ ከፊት የሚመጣውም መኪና ቀጥ ይላል። መሃሉ በአካፋይ በተለየ ሰፊ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣው እንዲያልፍ የሚፈቀድበት ቦታ አለ። ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ግን ማለፍ የለም።

እኛ ጋ የተማሪ መኪና እንዲህ ተለይቶ አይታወቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ሚኒባስ ነው፣ ባጃጅ ነው፣ አንዳንዴም ጋሪ ነው። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ባጃጁ ይበዛል፣ ውስጡ የታጨቀውን ልጅ ቆጥሮ መጨረስ ነው ችግሩ። ከከተማ ወጣ ስትል ደግሞ ሰርቪስ የሚባል ነገር የለም። ልጁ በእግሩ ነው፣ ደብተሩን በፌስታል ይዞ፣ የአስፋልቱን ዳር ተከትሎ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ምልክት ይዘው ከሚቆሙት ተማሪ ትራፊኮች በቀር «ቁም» የሚልህ የለም (እነሱን ደግሞ ታዘዛቸው፣ ልጆች ናቸው ብለህ አትናቃቸው)። የቀረውን አይተህ መለየት ያለብህ አንተው ነህ። በ«አንተ» የምጽፈው እንዲቀለኝ ነው፣ ሴት ሹፌሮች አትቀየሙኝ፤ በዚህ ጉዳይ በአብዛኛው ከወንዶቹ ትሻላላችሁ።

ሰዓቱን ያዝ

ከቀለሙ መለየት ካልቻልክ ከሰዓቱ ለየው። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ከተማ ውስጥ የሚቆም ሚኒባስና ባጃጅ ሁሉ ተማሪ የጫነ ነው ብለህ ቁጠረው። ተሳስተህ ቢሆን የምትከስረው ግማሽ ደቂቃ ነው። ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን እኩለ ቀን ነው፣ እኔን ከጠየቅከኝ። በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱን ሲለቁ የከሰዓቱ እየገባ ስለሆነ መንገዱ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። ጠዋት ልጁ እንቅልፉ አልለቀቀውም፣ እንዳይረፍድበትም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። 6 ሰዓት ላይ የተለቀቀው ግን ርቦታል፣ ይሯሯጣል፣ ይገፋፋል፣ የጓደኛውን ኮፍያ ነጥቆ ይሮጣል፣ ኳስ ካላቸው ኳሷ አስፋልት ላይ ናት። ሹፌሩም በዚያ ሰዓት ርቦታል። ምሳ ደብረ ሲና ልድረስ ብሎ ሲጣደፍ ልክ እነሱ መሃል ይገባል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ማልዶ የተነሳ ሰው ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን የሚያልፈው በተማሪ ሰዓት ነው። መንገዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚሄድ የጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታሃለች፣ ማታ ስትመለስ ደግሞ የምትጠልቀዋ ፀሐይ ትይዝሃለች። ልጅ በሚበዛበት ሰዓት ሁለቴም በደንብ አታይም ማለት ነው። የፀሐይ መከላከያዋን አውርዳት። መስታወቱን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ጥረገው፣ ውስጡ ላይ የተጋገረው ቅባትና አቧራ ነው ፀሐይዋን የሚያባብሰው። ያም ሆኖ ካላየህ ፍጥነት ቀንስ፣ ሌላ መላ የለውም።

ቅዳሜ ትምህርት የለም ብለህ ደግሞ አትዘናጋ። ማጠናከሪያ የሚማር አለ፣ እናቱን ተከትሎ ገበያ የወጣ አለ።

ሰርቪሱ ሲቆም

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የምንነዳው በቀኝ ነው፣ የሚኒባሱም በር በቀኝ ነው። ልጁ በቀኝ ይወርዳል። ቤቱ በግራ በኩል ከሆነ መሻገር አለበት፣ የሚሻገረውም ወይ በመኪናው ፊት ወይ በመኪናው ጀርባ ታክኮ ነው። ሁለቱም ቦታ ላይ እሱ አንተን አያይህም፣ አንተም አታየውም። ከኋላ እየመጣህ ከሆነ ከፊቱ ወጥቶ ይመጣብሃል፣ ከፊት ለፊት እየመጣህ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው። ባዶ የመሰለህ መንገድ ግማሹ በሰርቪሱ የተሸፈነ ነው።

ከኋላው ከሆንክና አስፋልቱ ላይ ቆሞ ልጅ እያወረደ ከሆነ፣ አትቅደመው። ቁም። ከኋላህ ያለው ክላክሱን ያንባርቀው፣ ተወው። ስትቆም ወደ ቀኝ ዳር አትውጣ፣ መስመርህን ይዘህ ቁም፣ ምክንያቱም ዳር ከያዝክ ለሚደርበው ሰው መንገድ ከፈትክለት ማለት ነው። አራቱንም ፍሬቻ ማብራት ጥሩ ይመስላል፣ እኔ ግን አልወደውም፤ ከኋላ የሚመጣው ተበላሽተህ የቆምክ ይመስለውና ደርቦ ይወጣል። ፍሬኑን ረግጠህ መብራቱ እንደበራ ያዘው፣ እጅህን በመስኮት አውጥተህ ወደ ታች አወዛውዝ። ይህቺን ምልክት የማያውቅ ያገራችን ሹፌር የለም።

ሰርቪሱ ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጥቶ ዳር ከቆመ ማለፍ ትችላለህ፣ ግን ሰው በሚራመድበት ፍጥነት፣ ከጎኑ ራቅ ብለህ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ሆኖ። ገና ሳትደርስበት ከመኪናው ሥር ተመልከት። ከርቀት በጎማዎቹ መሃል መሬቱ ይታያል። እዚያ ትንንሽ ጫማ ከታየህ ከመኪናው ማዶ ልጅ አለ። ጫማዎቹ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሱ ደግሞ መጣልህ። ብዙ ሹፌር ይህን ሳያውቀው ዕድሜውን ሙሉ ይነዳል።

ከፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር «የእኔ መስመር ክፍት ነው» ይላል። ክፍት ነው፣ አዎ፣ ልጁ የሚሮጠው ግን ወደዚያው መስመር ነው። አንተ ከፊት ከመጣህ ዓይንህን ሰርቪሱ ላይ ብቻ አትትከል፣ የራስህን ዳርም እይ። ነጠላ ያጣፋች እናት ወይም ታናሽ ልጅ ያዘለች እህት ቆማ ሰርቪሱን ካየች፣ ከሰርቪሱ የሚወርድ የእሷ ልጅ አለ። እናቱን ያየ ልጅ ግራና ቀኝ አያይም። ይሮጣል።

አንድ ልጅ ስለተሻገረ አለቀ ብለህ ነዳጅ አትስጥ። ጓደኛው ቀርቷል፣ ታናሽ ወንድሙ ቀርቷል፣ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ያለው ቀርቷል። ጓደኞቹ የተሻገሩበት ልጅ ብቻውን መቅረት አይፈልግም፣ መኪና እየመጣ እንደሆነ እያየ እንኳ ይከተላቸዋል።

አዛኝ ሹፌር የሚሠራው አንድ ስህተት ደግሞ አለ። ይቆምና ልጁን «ና እለፍ» ብሎ በእጁ ይጠራዋል። ልጁ አምኖ ይገባል። ከኋላ የመጣው አይሱዙ ደግሞ ለምን እንደቆመ ሳያይ ደርቦ ይወጣል። ስለዚህ ቁምለት እንጂ አትጥራው። ራሱ አይቶ ይሻገር፣ አንተ ስፖኪዮህን እይ።

ስለ ክላክስም ልበል። እኛ ክላክስ ሁሉን ነገር የሚፈታ ይመስለናል። አዋቂ ሰው ሲነፋበት ወደ ዳር ይላል። ልጅ ግን መሃል ላይ ደርሶ ይደነግጥና ወይ ባለበት ይደርቃል ወይ ወደመጣበት ይመለሳል፣ አንተም በጀርባው አልፋለሁ ብለህ መሪህን አዙረህ ከነበር ቀጥታ ትገናኛላችሁ። ክላክስ ከሩቅ፣ አጭር፣ አንዴ። ቅርብ ከሆነ እጅህን ከክላክሱ አንሳና እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርግ።

60 እና 30

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው ያለው። በ60 ስትነዳ በሴኮንድ 17 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። ልጁን አይተህ እግርህ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል እንበል፤ 17 ሜትር ሳትቀንስ ሄደሃል። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ደህና ጎማና ፍሬን ካለህ፣ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል። በድምሩ 37 ሜትር። በ30 ብትሆን ኖሮ ሁሉም ነገር 14 ሜትር ላይ ባለቀ ነበር። ልዩነቱ ይህን ያህል የሚሰፋው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ዝናብ ከሆነ፣ ጎማህ ከላጠ፣ ሲኖትራክ በአሸዋ ሞልተህ ከሆነ፣ ከዚያም ይብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅትም እግረኛና መኪና በሚደባለቁበት ቦታ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይታለፍ ይመክራል። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ የቆመ ሰርቪስ አጠገብ፣ ተማሪ በሞላው የከተማ መግቢያ ላይ እኔም ከዚህ አልፍም። ስልክህን ለሁለት ሴኮንድ ካየህ በ60 ስትሄድ 34 ሜትር ዓይንህን ጨፍነህ ነዳህ ማለት ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ያስጠይቃል፤ «ዘሎ ገባብኝ» ማለት ብቻውን አያድንም።

ውርጭ፣ ጭጋግ፣ ቁልቁለት

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጠዋት የመኪናው መስታወት ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ። እዚህ ላይ የማየው ነገር ያናድደኛል፦ ሹፌሩ የቸኮለ እንደሆነ በእጁ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ጠርጎ በዚያች እያጮለቀ ይወጣል። በዚያች ቀዳዳ ከፊት ያለው ሲኖትራክ ይታይ ይሆናል፣ ከቀኝ ዳር የሚገባው የሰባት ዓመት ልጅ ግን አይታይም። ሙሉ መስታወቱ እስኪጸዳ ጠብቅ። የፈላ ውኃ አትድፋበት፣ ይሰነጠቃል። ማታ ስታቆም መስታወቱን በካርቶን ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ መቼም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆነን ብርድ ልብስ አጣን አንልም። ጠዋት ሞተሩን አሙቅ፣ ሙቅ አየሩን ወደ መስታወቱ ልቀቀው።

ብርዱ ልጁንም ይለውጠዋል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ፣ ጆሮውን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። አይሰማህም፣ ወደ ጎንም አያይም። ሰምቶኛል ብለህ አትገምት።

በክረምቱ መጨረሻና በመስከረም ደግሞ ዳሩ ጭቃ ስለሚሆን እግረኛው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ተቆጥተህ አታልፈውም፣ ሌላ የሚረግጥበት የለውም። ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ካየህ ቀንስ። ዩኒፎርሙ አንድ ብቻ የሆነ ልጅ ብዙ ነው፣ ከረጨኸው እንደዚያው ሆኖ ነው ክፍል የሚቀመጠው።

ጉዶ በረትን አልፈህ ጣርማበር ስትደርስ ነገሩ ይቀየራል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጭጋጉ ሲወርድ የራስህ መኪና አፍንጫ ሊጠፋብህ ይችላል። ጣሊያን የቀደደው ዋሻ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከፀሐይ ወደዚያ ስትገባ ዓይንህ እስኪለምድ ምንም አታይም። ከመግባትህ በፊት ቀንስ፣ አጭር መብራት አብራ። ጭጋግ ውስጥም አጭር መብራት ነው፤ ረጅሙ ጭጋጉ ላይ ተመልሶ ያንተኑ ዓይን ነው የሚመታው። ደንቡ ቀላል ነው፦ በሚታይህ ርቀት ውስጥ መቆም መቻል አለብህ። 20 ሜትር ብቻ ከታየህ ከላይ ያለውን ስሌት አስታውስ፣ በ30 እንኳ የሚተርፍህ 6 ሜትር ነው፣ ያውም መንገዱ ደረቅ ከሆነ። ጭጋግ ደግሞ አያደርቅም።

ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱና ኩርባው ይጀምራል። በዚህ መንገድ ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። የጫነ መኪና ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ሲወርድ ነዳጅ የቆጠበ ይመስለዋል። ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይከዳል። ከኩርባው ማዶ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ጎን ለጎን ተያይዘው እየሄዱ ነው። ገና ከላይ ሳለህ 2ኛ ማርሽ አስገባ፣ መኪናው ከከበደ 1ኛ። ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ለልጁ አስቀምጥለት። ኩርባ ላይ የቀኙን ዳር ጥርግ አድርገህ አትያዝ፣ ልጆቹ እዚያ ናቸው፤ ወደ ግራም አትሂድ፣ ዳገት የሚወጣው እዚያ ነው። ስለዚህ የቀረህ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። ዳገት እየወጣ የሚያቃስት የጭነት መኪና ስታይም ከጀርባው የተንጠለጠለ ልጅ ሊኖር ይችላል። አይቀድሙት፣ አይጠጉት፣ ሲወርድ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም።

ደብረ ሲና ስትደርስ መቼም ቆሎ ሳትገዛ አታልፍም። ከሚሸጡት መሃል ከሰዓት ተማሪ የሆነ አይጠፋም፣ መኪና ሲቆም ደግሞ ከሁለቱም ዳር ይሮጣሉ። ቀድሞ የደረሰ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ መሃል መንገድ ላይ ቆመህ አትጥራቸው፣ ከአስፋልቱ ውጣ፣ መኪናህን አጥፋ፣ ከዚያ ግዛ። ስትነሳ ከፊትህ፣ ከጎንህና ከጀርባህ ማንም እንደሌለ አይተህ ተነሳ፤ ሒሳብ ሊቀበል መስኮቱ ሥር የቆመ ትንሽ ልጅ በስፖኪዮ ላይታይ ይችላል።

ሰርቪስ የምትነዳው አንተ ከሆንክ

በተቻለህ መጠን ልጁን በቤቱ በኩል አውርደው። አምስት ደቂቃ ዞረህ መምጣት ቢሆንም እንኳ። ካልተቻለ ረዳቱ ይውረድና እጁን ይዞ ያሻግረው። ረዳት ከሌለህ ሞተሩን አጥፍተህ አንተው ውረድ። ኩርባ ላይ፣ ድልድይ ላይ፣ ዳገት ጫፍ ላይ አታውርድ፣ ቤቱ እዚያው ቢሆንም።

ከመነሳትህ በፊት ያወረድካቸውን ቁጠር፣ ቆጥረህም በዓይንህ አግኛቸው። ሦስት አውርደህ ሁለት ብቻ ከታዩህ ሦስተኛው መኪናህ ሥር ብዕሩን እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ወደ ኋላ መሄድ ልጅ ባለበት ቦታ ፈጽሞ አይሁን። ባጃጅ የምትነዳ ወንድሜ፣ በግራ በኩል ያለውን መውጫ ዝጋው፣ ሁሉም በቀኝ ይውረዱ። ትርፍ ስለመጫን ብዙ አልልም፣ አንተም ታውቀዋለህ፣ ወላጁም ያውቀዋል።

ወላጆችስ? አንድ ነገር ብቻ። ልጃችሁን ልትቀበሉ ስትወጡ በሩ በሚከፈትበት በኩል ቁሙ፣ ከማዶ ሆናችሁ ስሙን አትጥሩ። የልጁን ቦርሳ ጀርባ ላይ የሚያንጸባርቅ ነገር መስፋትም ጥሩ ነው፣ በተለይ ጠዋት ጨለማው ሳይገፈፍ ለሚወጣ።

ሰርቪስ ነጂው ሌላም ሥራ ይቀረዋል። የመጨረሻውን ልጅ አውርዶ መኪናውን ከመቆለፉ በፊት እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሄዶ ይይ፣ ከወንበሩ ሥርም ጭምር። መዋለ ሕፃናት ያሉት መንገድ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ተጠቅልለው ሲተኙ ከፊት ወንበር አይታዩም። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የተዘጋ መኪና ለትንሽ ልጅ ሕይወት አደገኛ ለመሆን ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።